ከክረምቱ የቤት ዕድሳት በኋላ፦ ለትርፍ ያልተቋቋመ ቤት በድሬዳዋ እንዴት ሊቆም ይችላል?

ክረምት በመጣ ቁጥር የምንሰማው ዜና አለ። ወጣቶችና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ይሰባሰባሉ። የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ቤት ይፈርሳል፣ በጥቂት ሳምንታት ይታደሳል፣ ቁልፉን ይረከባሉ። ድሬዳዋም ይህን በየዓመቱ ታያለች። ዜናው ደግ ዜና ነው። ከዜናው በኋላ የሚነሳው ወሬ ግን ግራ ያጋባል። አንዱ "ድርጅቶች ለሁላችንም ለምን አይሠሩልንም?" ይላል። ሌላው "ኮንዶሚኒየም ለድሃ ነው ተብሎ አልነበረም እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀውን የቤት ኪራይ አዋጅ ያነሳና ነገሩ በሕግ ያለቀ ይመስለዋል።

ሦስቱም የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። በመሃል አንድ አማራጭ ሳይነሳ ይቀራል፤ ለትርፍ ያልተቋቋመ የቤት ልማት የሚባለው። ይህ አማራጭ ምን እንደሆነ፣ ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ፣ ድሬዳዋ ላይ ምን እንደሚገጥመው እንይ።

ምን ከምን ይለያል?

የመጀመሪያው ዓይነት ቤት ስጦታ ነው። ለጋሽ ይሠራል፣ ተቀባይ ይገባበታል፣ ታሪኩ እዚያ ያልቃል። ከ10 ዓመት በኋላ ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠየቅ አካል የለም። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ደግሞ እናቲቱ ሲያልፉ ማን እንደሚገባበት ያደሱት ሰዎች አይወስኑም።

ሁለተኛው መንግሥት ደጉሞ የሚሸጠው ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም እዚህ ይመደባል። 10/90፣ 20/80፣ 40/60 የሚባሉት ቁጥሮች ገዢው ከኪሱ የሚያዋጣውንና ባንክ የሚያበድረውን ድርሻ ያሳያሉ። ዕጣ የወጣለት ሰው ባለቤት ይሆናል። ለ5 ዓመት መሸጥ አይፈቀድለትም። ከዚያ በኋላ ግን ገበያው ባወጣው ዋጋ ይሸጠዋል። የባንኩ ዕዳ ከብዶት ቤቱን አከራይቶ ራሱ በርካሽ ክፍል የሚኖርም ብዙ ነው። መንግሥት በመሬቱና በግንባታው ላይ ያፈሰሰው ድጎማ አንድን ቤተሰብ አንድ ጊዜ ጠቅሞ ከእጁ ይወጣል።

ሦስተኛው የእኛ ጉዳይ ነው። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሲባል ገንዘብ አይነካም ማለት አይደለም። ድርጅቱ ወይም ማኅበሩ ኪራይ ይሰበስባል። ሠራተኛ ይቀጥራል። ከወጪው የተረፈ ገንዘብም ሊኖረው ይችላል። ባለአክሲዮን ስለሌለ ግን የተረፈው ለጥገና፣ ለዕዳ ወይም ለሚቀጥለው ቤት ይውላል። ቤቱም ከማኅበሩ እጅ አይወጣም። አንዱ ተከራይ ሲለቅ አቅሙ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ይገባበታል። ይህ "ማቆየት" የሚባለው ነገር ከግንባታው ይልቅ ከባድ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም እሱ ነው።

"ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ቤት" የሚለው አባባልም መለኪያ ያስፈልገዋል። በብዙ አገር የተለመደው መለኪያ ቤተሰቡ ለመኖሪያው የሚያወጣው ከገቢው 30 በመቶ እንዳያልፍ ነው። በሌላ አነጋገር ቤቱ በራሱ ርካሽ ወይም ውድ አይባልም፤ ከከፋዩ ገቢ ጋር ነው የሚመዘነው። በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ 30 በመቶም ሊበዛ ይችላል፤ ከጤፍና ከዘይት የሚተርፈው እሱን አያህልም።

የኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ከሦስቱም አይገባም። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን እንዲሆን ያዛል። ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪና "ውጣልኝ" ከመባል ይከላከላል። አንድም አዲስ ክፍል ግን አይሠራም።

ድሬዳዋ ይህን ነገር አታውቀውም ማለት አይቻልም

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች፣ ተሰጡ። ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ሄዱ። የዛሬው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የዚያ ወራሽ ነው፤ ድሬዳዋም ውስጥ ቤቶች አሉት።

አዋጁ የኪራይ ዋጋንም ቀነሰ። ቀበሌዎቹ ከኪራይ የሚያገኙትን ገንዘብ ለአካባቢያቸው ልማት እንዲያውሉት ታስቦ ነበር። ፖለቲካውን ለጊዜው ወደ ጎን ብናደርገው ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሐሳብ ዛሬ ሌላ አገር ለትርፍ ያልተቋቋመ የቤት ልማት ከሚባለው ብዙ አይርቅም። አከራዩ አያተርፍም። ተከራዩ ሰፈሩ ውስጥ ይቆያል። ኪራዩ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል።

ግማሹ ሠርቷል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መጋላና ቀፊራ አካባቢ በቀን ሥራና በጉልት የሚተዳደር ቤተሰብ እስከ ዛሬ መሃል ከተማ መኖር የቻለው በቀበሌ ቤት ምክንያት ነው። ወደ ሥራው በእግሩ ይሄዳል። ገበያው ደጁ ነው።

የተበላሸው ሒሳቡ ነው። ኪራዩ ባለበት ቆመ። የሲሚንቶ፣ የቆርቆሮና የአናጢ ዋጋ አልቆመም። ዛሬ በብዙ የቀበሌ ቤት የሚከፈለው ወርኃዊ ኪራይ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አይሞላም። በዚህ ገቢ ጣሪያ መቀየር ቀርቶ ሽንት ቤት ማስመጠጥም አይቻልም። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ልጠግን ቢል ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃድ ቢያገኝም የሚጠግነው የእሱ ያልሆነውንና ነገ "ለልማት ይፈለጋል" ሊባል የሚችለውን ቤት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ጭቃው ይፈርሳል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው፤ መቀበሉ ግን ይከብዳል። ለድሃ የተባለ ኪራይ በጣም ሲወርድ ድሃው የሚኖርበትን ቤት ይገድለዋል።

ሒሳቡ እንዴት ነው?

"አልሚዎች ስለሚያተርፉ ነው ቤት የተወደደው፤ ትርፉ ቢቀር ይረክሳል" የሚለው ሐሳብ ሰፊ ነው። በከፊል ልክ ነው። በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ነገሩን ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ጥናት ውጤት አይደሉም።

አንድ ክፍል ቤት ከነማብሰያና ከነሽንት ቤቱ ለመሥራት፣ ቦታውን ሳይጨምር፣ 500,000 ብር ይፈጅ እንበል። የግል አልሚ 20 በመቶ አትርፎበት በ600,000 ብር ያስረክባል። ገንዘቡ በ15 በመቶ ወለድ የተገኘ ከሆነ የዓመት ወለዱ ብቻ 90,000 ብር ነው፤ ለወር 7,500 ብር። አሁን የአልሚውን ትርፍ ሙሉ በሙሉ እናስቀረው። ወርኃዊ ወለዱ ወደ 6,250 ብር ይወርዳል። በወር 8,000 ብር የሚያገኝ ቤተሰብ ደግሞ በ30 በመቶው መለኪያ መክፈል የሚችለው 2,400 ብር ነው። ትርፉን ማስቀረት ረድቷል። ግን የትም አላደረሰም።

ወለዱንም እናውጣው። 500,000 ብሩ ወለድ በሌለው ገንዘብ ተገኝቶ በ30 ዓመት ቢመለስ በወር 1,389 ብር ገደማ ይሆናል። ለጥገናና ለአስተዳደር 600 ብር ቢጨመርበት ከ2,000 ብር ትንሽ ያንሳል። ቤተሰቡ ይችለዋል።

ስለዚህ ቤትን ለዝቅተኛ ገቢ የሚያደርሰው ዋናው ነገር የገንዘቡ ዓይነት ነው። ረጅም ጊዜ የሚታገስና ወለዱ ዝቅ ያለ፣ ወይም ጭራሽ የሌለው ገንዘብ ይፈልጋል። ሌላ አገር ያሉ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ቤት ሠሪዎችም በምጽዋት ብቻ አይሠሩም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣችው የግብር ቅናሽ ሕግ ለዝቅተኛ ገቢ የሚከራይ ቤት ላይ ገንዘብ ለሚያፈስ ኩባንያ ግብር ይቀንሳል፤ ብዙዎቹ የሰፈር ልማት ድርጅቶች የሚሠሩት በዚህ ገንዘብ ነው። በቪየና የትርፍ መጠናቸው በሕግ የተገደበ የቤት ማኅበራት ከከተማው ዝቅተኛ ወለድ ያለው ብድር ያገኛሉ።

ድሬዳዋ ላይ ይህ ጥያቄ ሌላ መልክም አለው። ብዙ ነዋሪ በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ አይፈልግም። ከወለድ ነፃ የሚባለው የባንክ አገልግሎት ለዚህ በር ከፍቷል። ነገር ግን ከወለድ ነፃ ማለት ርካሽ ማለት አይደለም። ሙራባሃ በሚባለው አሠራር ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ የታወቀ ትርፍ ጨምሮበት በክፍያ ይሸጣል። ደንበኛው ከኪሱ የሚያወጣው ከወለዱ ጋር ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን በእውነት የሚቀይረው እንደ ወቅፍ ያለ፣ ለዘለዓለም ለበጎ ሥራ የተሰጠና የማይሸጥ የማይወረስ ሀብት ነው። ስለ ወቅፍ ኋላ እንመለስበታለን።

በሒሳቡ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። 1,389 ብሩ ለ30 ዓመት ሳይነካ ቢቆይ የቀበሌው ታሪክ ይደገማል። ገንዘቡ ሲመለስ ሁለተኛ ቤት ቀርቶ በር አይገዛም። ኪራዩ በየዓመቱ በትንሹ፣ አስቀድሞ በታወቀ ቀመር፣ ከፍ ማለት አለበት። ቀመሩ ከተከራዮቹ ገቢ ጋር ይታሰር ወይስ ከጥገና ወጪ ጋር? የሁለቱ ፍጥነት አይገናኝም። በእኔ ግምት ከጥገናው ጋር ቢታሰር ይሻላል፤ ለከበደው ቤተሰብ ደግሞ ለብቻው ድጎማ ይፈለግለታል።

የድሬዳዋ መሬት፣ ሙቀትና ውኃ

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር 341,834 ሕዝብ ነበረው። ከዚህ 233,224ቱ በከተማው ይኖር ነበር። በመላው አስተዳደሩ 76,815 ቤተሰብ በ72,937 ቤት ውስጥ ተቆጥሯል። ያኔውኑ ቤቱ ከቤተሰቡ ያንስ ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ከተማዋ ግን አድጋለች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የነፃ ንግድ ቀጣናው ተከፈተ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡርም በዚያው በኩል ያልፋል። ለፋብሪካ የሚመጣ ወጣት መጀመሪያ የሚፈልገው አንድ ክፍል ነው። ያችኑ አንድ ክፍል ነባሩ ድሃም ይፈልጋታል።

ርካሽ ቦታ ሲፈለግ ደግሞ አደጋው ይመጣል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ሺዎች ቤታቸውን አጡ። የወንዙ ዳር ለመሃል ከተማ ቅርብ ስለሆነና ቦታው በቀላሉ ስለሚገኝ ነው ድሃ የሰፈረበት። በዓመቱ አብዛኛው ቀን ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ ደግሞ ያዘናጋል። ከጎርፉ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ቢሆንም ማንኛውም ድርጅት "ነፃ ቦታ ተሰጠን" ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ ጎርፉ የት ድረስ ደርሶ ነበር የሚለው መሆን አለበት።

ሙቀቱም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ለደጋ የተነደፈ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እዚህ ሲተከል በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ምድጃ ይሆናል። የድሬ ሰው ኑሮው ግማሹ ግቢ ውስጥ ነው። ምግብ ይበስልበታል፣ ቡና ይፈላበታል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ማታ አልጋ ይወጣበታል። ግቢው የሌለበት ቤት በካሬ ሜትር ቢሰፋም ለኑሮ ይጠባል። በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ አየር የሚያሳልፍ ብሎኬትና ጥላ እንደ ቅንጦት የሚቆጠሩ ነገሮች አይደሉም። ከዚራን አስቡት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከመጣ በኋላ የተነደፈው ያ ሰፈር በዛፍ ጥላ የሚታወቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ውኃው ደግሞ ካልክ (ኖራ መሰል ዝቃጭ) ይበዛበታል። ቧንቧ ይደፍናል፣ ማሞቂያና ቫልቭ ይበላል። ሌላ ከተማ ብዙ ዓመት የሚያገለግል መስመር እዚህ ቀድሞ ይቀየራል። የጥገና በጀቱን ከሌላ ከተማ ገልብጦ የሚያመጣ ድርጅት በአምስተኛው ዓመት ይደነግጣል።

መሬቱ አይሸጥም፤ ዋጋው ግን ይሸጣል

በዓለም ላይ ለትርፍ ያልተቋቋመ ቤት ከእጅ እንዳይወጣ ከተፈጠሩት ዘዴዎች አንዱ የመሬት ባለአደራ ማኅበር ነው። ማኅበሩ መሬቱን ይይዛል። ነዋሪው ቤቱን ይይዛል። ነዋሪው ሲለቅ ቤቱን ይሸጣል፤ የመሬቱን ዋጋ ግን አይሸጥም። በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት በርሊንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ማኅበር በዚህ ይታወቃል። እዚያ ሻጩ ከዋጋው ዕድገት የሚወስደው 25 በመቶውን ነው። ቀሪው ከቤቱ ጋር ይቆያል፤ ስለዚህ ቀጣዩ ገዢ ከገበያው በታች ይገዛል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የቮይ ታሪክ ነው። ቮይ በኬንያ ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው ባቡር ላይ ያለች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በከተማዋ ታንዛኒያ ቦንዴኒ የሚባለው የድሃ ሰፈር ሲሻሻል ነዋሪዎቹ መሬቱን በጋራ ለመያዝ መረጡ። የግል ካርታ ከተሰጠ ሰው በችግር ጊዜ ሸጦ እንደሚበተን ስለሰጉ ነው። ሰፈሩ ተሻሻለ። የሕጉ ነገር ግን አንገላታ። በአገሩ ሕግ ያልተለመደ አሠራር ስለነበር ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ አሠራሩም ወደ ሌሎች ከተሞች እንደታሰበው አልተስፋፋም።

እኛ አገር በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ታዲያ የባለአደራው ዘዴ በራሱ አልተሠራም ወይ? አልተሠራም። ከዚራ ወይም ሳቢያን ውስጥ አሮጌ ቤት ሲሸጥ ገዢው ሚሊዮኖች የሚከፍለው ለግድግዳው ብሎ አይደለም። የቦታው ዋጋ በቤቱ ስም ተጠቅልሎ ይሸጣል። ሕጉ መሬቱን ይዟል፤ ዋጋውን ግን አልያዘም። ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር ይዞ ማቆየት ያለበት ይህንን ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ወቅፍ እንመለስ። ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ሙስሊሙ ማኅበረሰብ የማይሸጥና የማይወረስ ሀብት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። አብያተ ክርስቲያናትም ቤት አከራይተው ገቢውን ለአገልግሎት ሲያውሉ ኖረዋል። የባለአደራን ሐሳብ ለድሬ ሰው ለማስረዳት ከቨርሞንት ይልቅ እነዚህ ይቀርባሉ። ችግሩ የሃይማኖት ሀብት በተፈጥሮው በእምነቱ ተከታዮች ዙሪያ መሆኑ ነው። የድሬ ግቢ ውስጥ ግን አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪውና ጉራጌው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቧንቧ ይጋራሉ። ስለዚህ መርሁን ወስዶ ባለቤትነቱን ለሁሉም ክፍት ለሆነ ማኅበር መስጠት ያስፈልጋል።

ሕጉ በሩን ምን ያህል ይከፍታል?

የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ ቦታ በሁለት መንገድ እንዲሰጥ አደረገ፦ በጨረታና በምደባ። ድሃን ታሳቢ ያደረገ ድርጅት ጨረታ ውስጥ ገብቶ አያሸንፍም። ምደባው ደግሞ ዝርዝር አለው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በመንግሥት ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅት የሚካሄዱ የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት፣ የመንግሥት የቤት ፕሮግራሞችና መንግሥት የፈቀደው የራስ አገዝ ቤት ግንባታ፣ የአምልኮ ቦታዎች፣ አምራች ኢንዱስትሪዎችና ጥቂት ሌሎች ይገኙበታል። የዝርዝሩን ክፍተት እዩት። በጎ አድራጎት ድርጅት ለትምህርት ቤት ወይም ለክሊኒክ ቦታ ሊጠይቅ ይችላል። ነዋሪዎች ተደራጅተው ለራሳቸው ቤት ሊጠይቁ ይችላሉ። ቤት ሠርቶ ለድሃ ለረጅም ጊዜ የሚያከራይ ድርጅት ግን በስሙ አልተጠቀሰም። በሁለቱ መካከል ወድቋል።

የድርጅቶች ሕግ በሌላ በኩል ተሻሽሏል። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት አዋጅ፣ ቁጥር 621፣ ብዙ ድርጅቶችን አሽመድምዶ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ ገቢውን ለአባላት ማከፋፈልን ይከለክላል። ለትርፍ ያልተቋቋመ አከራይ የሚፈልገው በትክክል ይህንን ነው።

ሌላው መንገድ የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በድሬዳዋም ብዙ ሰው በማኅበር ቤት ሠርቷል። ግን አባሉ የግንባታውን ትልቅ ድርሻ አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ እንዲያስገባ ይጠየቃል። ደመወዝተኛና ነጋዴ ይችለዋል። በየቀኑ የሚያገኘው የሚለያይ የቀን ሠራተኛ፣ ጫኝና አውራጅ ወይም የቡና ጠጪ ደንበኛ የምትጠብቅ ሴት አይችሉትም። ቤቱ ሲያልቅም በየግል ይከፋፈላል፤ ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ስም ብቻ ነው።

ከግድግዳው ውጭ ያለው ሥራ

የማኅበረሰብ ልማት የሚባለው ቤቱ በሚቆምበት ሰፈር ውስጥ ኑሮ የሚያቆም ሥራ ነው፦ ውኃ፣ ሽንት ቤት፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የሕፃናት መዋያ፣ ሥራ። ይህ በአገራችን አዲስ አይደለም። ካርልሃይንዝ ቦም እ.ኤ.አ. በ1981 የመሠረቱት ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ሥራውን የጀመረው ሐረር አቅራቢያ በኤረር ሸለቆ ነው። ከባቢሌ መጠለያ የመጡ ተፈናቃዮችን ሲያሰፍር ቤትን ከእርሻ፣ ከውኃና ከጤና ጋር አያይዞ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ የመሩት ሥራ በደሳሳ ቀበሌዎች ቤት እየጠገነ፣ የጋራ ማዕድ ቤትና ሽንት ቤት እየሠራ፣ የጤና ሠራተኛ ከሰፈሩ እያሠለጠነ ነዋሪውን ሳያፈናቅል ሰፈር ማሻሻል እንደሚቻል አሳይቷል።

ከውጭ ደግሞ በካራቺ ኦራንጊ እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው ሥራ ይጠቀሳል። እያንዳንዱ መንደር የራሱን የፍሳሽ መስመር በራሱ ገንዘብና ጉልበት ዘረጋ። መንግሥት ዋናውን መስመር ያዘ። ድርጅቱ ንድፍና ምክር ሰጠ እንጂ ገንዘብ አላደለም። የሥራ ክፍፍሉ ድሬዳዋ ላይ ሊያገለግል ይችላል።

እዚህ ዕድርና አፎሻ የሚባሉት የመረዳጃ ማኅበራት አሉ። ገንዘብ መሰብሰብ፣ መዝገብ መያዝ፣ የቀረ አባልን መጠየቅ ያውቁበታል። ግን ሳይጠነቀቁ ሸክም መጫን አይገባም። ዕድር የተቋቋመው ለሐዘን ነው። አባላቱ የተማመኑት በዚያ ነው። ጎረቤቱን ለኪራይ የሚያስጨንቅ ሰብሳቢ ሲሆን ያ መተማመን ሊጎዳ ይችላል። ምስክር፣ ታዛቢና አስታራቂ ቢሆን ይሻላል፤ ገንዘቡን የሚሰበስብ ሌላ ሰው ይሁን።

የሚቃወሙት ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው ተቃውሞ መጠኑን ይመለከታል። "ድርጅቶች ሃምሳና መቶ ቤት ይሠራሉ፤ ከተማዋ የሚያስፈልጋት ሺዎች ነው" ይላሉ። እውነት ነው። ለትርፍ ያልተቋቋመ ቤት ብቻውን የትም አገር ችግሩን አልፈታም። ቦታ በብዛት ካልቀረበና የግንባታ ዕቃ ዋጋ ካልተረጋጋ ገበያው ይቀድመዋል። መልሱ የሁለቱ ሥራ የተለያየ ነው የሚል ነው። ገበያው ብዙ ቤት ያመጣል፤ በወር 2,000 ብር የሚችለውን ቤተሰብ ግን አይፈልገውም።

ሁለተኛው ስለ አደላደል ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከተማዋ 40-40-20 በሚባለው፣ ማለትም ለኦሮሞና ለሶማሌ 40 በመቶ በየግል፣ ለሌሎቹ 20 በመቶ በሚሰጠው የሥልጣን ክፍፍል የምትታወቅ ናት። ማንኛውም የተጠቃሚዎች ዝርዝር ከየትኛው ወገን ስንት ገባ ተብሎ ይነበባል። "በድርጅት እጅ ሲሆን ከፖለቲካ ይርቃል" የሚለው የዋህነት ነው። ዕጣ ከአድልዎ ይከላከላል፤ ግን የባሰበትን አይለይም። የችግር መመዘኛ የባሰበትን ይለያል፤ ግን መዛኙን ማመን ይጠይቃል። ብዙ ማኅበራት ሁለቱን ይቀላቅላሉ፦ መጀመሪያ በመመዘኛ ያጠራሉ፣ ከዚያ በግልጽ ዕጣ ያወጣሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሰፈር ሲሻሻል ይወደዳል። መንገዱ ሲነጠፍ፣ መብራቱ ሲተከል በዙሪያው ያለው የግል ኪራይ ይጨምራል። የኮሪደር ልማት በሚካሄድባቸው ከተሞች ሁሉ ይህ ጥያቄ አለ። በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 1161፣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ እንኳን ካሳ እንዲታሰብ ያደርጋል፤ ትስስሩ ዋጋ እንዳለው ሕጉም አምኗል ማለት ነው። ግን ካሳ ያገኘ ሰው ከተሻሻለው ሰፈር ይወጣል። በግለሰብ ግቢ ተከራይቶ የሚኖረው ደግሞ ኪራዩ ሲጨምር በራሱ ጊዜ ወደ ዳር ይሄዳል፤ የባጃጁ ዋጋም በወሩ ወጪ ላይ ይጨመራል። ሰፈሩ ከመሻሻሉ በፊት የተወሰኑ ቤቶችን ከገበያ ውጭ የያዘ አካል ከሌለ ልማቱ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሰው ነው።

ከየት ቢጀመር ያዋጣል?

አዲስ መንደር ከከተማ ዳር መገንባት ለፎቶ ያምራል። ለእኔ የሚታየኝ መነሻ ግን የቀበሌ ግቢዎች ናቸው። ቦታው አለ። ነዋሪው አለ። ውኃና መብራት በአቅራቢያው ነው። ዛሬ ቤቱ የሚያስገባው ኪራይ ከምንም ስለማይቆጠር አስተዳደሩ የሚያጣው ገቢም ብዙ አይደለም። አስተዳደሩ ባለቤትነቱን ሳይለቅ የጥቂት ግቢዎችን አስተዳደር ለ30 ዓመት ወይም ለዚያ ለተጠጋ ጊዜ ለአንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር በውል ሊሰጥ ይችላል። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. ቻርተር የራሷ አስተዳደርና ምክር ቤት ስላላት ከብዙ ከተሞች ይልቅ መነሻ አላት።

ሥራው በግቢው ውስጥ በየተራ ይሄዳል። ሁለት ክፍል ሲፈርስ ነዋሪዎቹ እዚያው ጊዜያዊ ክፍል ይገባሉ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት አይቀይሩም። ወለሉ ከጎርፍ ልክ በላይ ይነሳል። ከተቻለ አንድ ፎቅ ተጨምሮ አዳዲስ ክፍሎች ይገኛሉ፤ እነሱ በመጠነኛ ኪራይ ለፋብሪካ ሠራተኞች ቢከራዩ ለነባሮቹ ጥገና ይደጉማሉ። ከኪራዩ የተወሰነው ድርሻ ለጥገና ብቻ በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጣል። ገቢና ወጪው በየወሩ ግቢው በር ላይ ይለጠፋል። ነባር ተከራዮች ከስኒ ቡና ዋጋ ወደ 2,000 ብር በአንድ ቀን መዝለል ስለማይችሉ ኪራዩ በዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በዚያ መሃል ያለው ክፍተት በእርዳታ መሸፈን አለበት። የክረምቱ የበጎ ፈቃድ ገንዘብና ጉልበት ቢመጣ እዚህ ትልቅ ሥራ ይሠራል።

በውሉ ውስጥ ቀድሞ መጻፍ ያለበት ከባዱ አንቀጽ ግን አንድ ነው፦ ተከራይ መክፈል ሲያቅተው ምን ይደረጋል? ማኅበሩ ማንንም ካላስወጣ ጥገናው ይቆማል፣ ከፋዮቹም መክፈል ይተዋሉ። በሦስተኛው ወር የሚያስወጣ ከሆነ ደግሞ ከግል አከራይ በምን ይለያል? ሥራ ያጣውንና የታመመውን መክፈል እየቻለ ከተወው ለይቶ የሚያይ ኮሚቴ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያዎቹ የተወሰኑ ወራት የሚሸፍን የመጠባበቂያ ገንዘብም ያስፈልጋል። የኮሚቴው ግማሽ ከራሳቸው ከተከራዮቹ ቢሆን ውሳኔው ይታመናል፤ ጎረቤት በጎረቤት ላይ መወሰኑ ግን ይከብዳል። እስከ አሁን የተሞከሩት ማኅበራት ይህን በየራሳቸው መንገድ ነው የያዙት። ድሬዳዋም የመጀመሪያውን ግቢ ስትጀምር የራሷን መልስ በወረቀት ማስፈር ይኖርባታል፤ ከግንባታው በፊት።